ረዘመ ቢሉት አሳጠረው

ለአገልግሎት የተሠራ ኪነት ከአገልግሎቱ አጥር ማለፍ የለበትም የሚል አስተያየት በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ ብቅ ይላል። አስተያየቱን የሚሰነዝሩት ወገኖች ኪነት ሥራ ፈትነት እንዳይሆን የሚቆረቆሩ ቁም ነገረኞች ናቸው። ችግሩ በጆሯቸው ምትክ ሰዓታቸውን ማመናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1706 በጀርመን አገር በአርንሽታት ከተማ የተሰየመው የቤተ ክህነት ሸንጎ ቃለ ጉባኤ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ተወቃሹ የ20 ዓመቱ የኦርጋን ተጫዋች ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ነበር። ባለፈው ዓመት መገባደጃ የ4 ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ተጉዞ ሊዩቤክ ገባ፤ በዚያም አዛውንቱን ዲትሪሽ ቡክስተሁደን ሲያዳምጥ ሰነባብቶ ከ4 ወር ገደማ በኋላ ተመለሰ። ሸንጎው ስለ ፈቃዱ መጠየቁ አግባብ ነው፤ ከሥራ የቀረ ይጠየቃል። ወቀሳው ግን በዚህ አላበቃም። በመዝሙሩ ውስጥ እንግዳ ድምፆች እየቀላቀለ ምእመኑን ግራ አጋብቷል ተባለ። ቀድሞ አርዝሞ ይጫወት እንደነበረ፣ የበላይ ካህኑ ቢነግሩት ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ዘልሎ ከልክ በላይ እንዳሳጠረውም ተመዘገበ።

ማሳጠሩ እልህ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም መልስ ነበር፤ ደቂቃ ለጠየቀው ደቂቃ ሰጠው።

ፕሬሉድን «መቅድም» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ቃሉ ግን ያሳስታል። እርግጥ የመዝሙር ፕሬሉድ ምእመኑ ከመዘመሩ በፊት ዜማውን ያስታውቃል። ሊዩቤክ የተሰማው ግን ከዚህ ይሰፋል። የቡክስተሁደ ፕሬሉድ በድንገተኛ ሩጫ ይነሣል፣ ይቆማል፣ አንዱን ሐሳብ ድምፅ ለድምፅ እያሳደደ ይሠራዋል፣ መልሶ ይበትነዋል። በሲ ሜጀር የደረሰው ፕሬሉድ የሚከፈተው እጆች አርፈው እግሮች ብቻቸውን ሲጫወቱ ነው። የምን መግቢያ ነው ይህ? የራሱ ነው።

በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ከዚህ ተነሥተው ሙዚቃው ምድርን ያልረገጠ ረቂቅ መንፈስ ነው ይላሉ። እነዚህስ ከሸንጎው በምን ይሻላሉ? ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ከኦርጋኑ ጀርባ ወናፍ የሚረግጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱ ካቆሙ ቧንቧው ሁሉ ዲዳ ነው። የሊዩቤክን የምሽት ሙዚቃ ዝግጅትም በገንዘብ የደገፉት የከተማይቱ ነጋዴዎች ነበሩ። መንፈሱ የሰው ላብና የሰው ሣንቲም ይፈልግ ነበር።

ባኽ ኋላ በቫይማር «የኦርጋን ትንሽ መጽሐፍ» የተባለውን ስብስብ ጀመረ። ለ164 መዝሙሮች ገጽ መድቦ የፈጸመው 46 ያህል ብቻ ነው። ለአብዛኞቹ የሰጣቸው ቦታ አንድ አንድ ገጽ ነበር፤ አጭር መቅድም ለሚሹ ይህን የሚያህል ስጦታ የለም። ከመካከላቸው ሰው ስለ ከባድ ኃጢአቱ እንዲያለቅስ የሚጠራው መዝሙር ፕሬሉድ አለ። የመዝሙሩ የመጀመሪያ አንጓ የሚያበቃው ክርስቶስ በመስቀል ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየቱን በማንሣት ነው። ባኽ እዚያ ሲደርስ «እጅግ በዝግታ» ብሎ ጻፈ፤ ሊያበቃ አንድ እርምጃ ሲቀረውም ከመነሻው ቅኝት የራቀ፣ ማንም ያልጠበቀውን ኅብረ ድምፅ አስገባ። የአርንሽታት ሸንጎ የከሰሰው እንግዳ ድምፅም፣ የከሰሰው ርዝመትም በዚያች በአንዲት መስመር ውስጥ አሉ።