ቤታችሁን ከማስያዛችሁ በፊት

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምትኖሩ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ብዙዎቻችን የቤታችንን ሞርጌጅ ከፍለን ጨርሰናል፤ ያልጨረስነውም የቀረን ትንሽ ነው። ሰሞኑን ግን «የቤታችሁ ዋጋ ጨምሯል፣ በእሱ ላይ ገንዘብ አውጡ» የሚል ስልክ በዝቷል። ደዋዩ አንዳንዴ የአገራችን ልጅ ነው፤ አባባ፣ እማማ እያለ ነው የሚያግባባን።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የሆነውን አስታውሱ። ደላላው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ስትፈርሙ ነበር፤ ብትከፍሉም ባትከፍሉም ጉዳዩ አልነበረም። አበዳሪው ብድሩን ለዎል ስትሪት ይሸጣል፤ እዚያ ከሺህ ብድሮች ጋር ተደባልቆ ቦንድ ይሆናል። የቦንድ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ከፍተኛውን ማዕረግ ሲለጥፉበት ክፍያቸው የሚመጣው ከዚያው ከቦንዱ አውጪ ነው። ተበዳሪው መክፈል ይችል እንደሆነ ማን ይጠይቅ? የታክሲ ሹፌር ገቢ በእጥፍ ይጻፍለታል፣ ማስረጃ የሚለው የለም። ሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ የቆየው ወለድ በሦስተኛው ይወጣል፤ ፎርክሎዠር ይከተላል።

በሴፕቴምበር 2008 ዋሽንግተን ሙችዋል የተባለው ባንክ 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት ይዞ ወደቀ። የሞርጌጅ ኩባንያው የካንትሪዋይድ አለቃ የነበሩት አንጀሎ ሞዚሎ የቀረበባቸውን ክስ ሳያምኑም ሳይክዱም በ2010 67.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ እንጂ ወህኒ አልወረዱም። በማግስቱ ዓመት ካንትሪዋይድ ከ200,000 በላይ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተበዳሪዎችን ከነጮቹ አብልጦ አስከፍሏል ተብሎ የቀረበበትን ክስ በ335 ሚሊዮን ዶላር ዘጋ። በዚያው ዓመት የሌላ ሞርጌጅ ኩባንያ ሊቀመንበር የነበረው ሊ ፋርካስ 30 ዓመት ተፈረደበት። አንዱን ብድር ደጋግሞ እየሸጠ ያታለለው ባንኮችን ነበርና፤ ድሃ ቢያታልል ኖሮ እንዲህ የሚጨክኑበት አይመስለኝም።

በእኛ መካከል ወረቀቱን ያስፈረመው ግን አብሮን የሚያስቀድስ ሰው ነበር። አንዳንዱ የሚሸጠው ነገር ለራሱም አልገባውም፤ የገዛ ቤቱም ሄደ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ ከሁሉ በፊት ገቢያችሁ የተጻፈበትን መስመር ፈልጉ። ቁጥሩ የእናንተ ካልሆነ፣ ያመጣው የክርስትና ልጃችሁም ቢሆን አትፈርሙ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ከብድሩ ሳንቲም የማያገኝ ሰው ያንብብላችሁ። ለልጅ ዋስ ስትሆኑም ዕዳው የእናንተም ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ከተጸጸታችሁ ደግሞ፣ የምትኖሩበትን ቤት አስይዛችሁ ለወሰዳችሁት ብድር ሕጉ በአብዛኛው ሦስት የሥራ ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣል፤ ለቤት መግዣ ብድር ግን አይሠራም። ይህን የሚገልጽ ማስታወቂያ በጽሑፍ ሊሰጧችሁ ይገባል፣ ከወረቀቱ ክምር መሀል ፈልጉት።