ልጃችሁ «ወገቤን» ሲል «ከስፖርት ነጻ» የሚል ወረቀት አትጠይቁ



«ዶክተር፣ ልጄ ገና 15 ዓመቱ ነው፤ ወገቤን አመመኝ ይለኛል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን ወገብ አለ?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ወላጆች እሰማለሁ።

መልሴ «አለ» ነው። በተለይ ቁመታቸው በፍጥነት በሚጨምርበት ዕድሜ ብዙ ልጆች ወገባቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ «ከሥራ ለማምለጥ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አትደናገጡም፤ አብዛኛው ከባድ በሽታ የሌለበትና በጥቂት ሳምንታት የሚሻል ሕመም ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የምናደርገው ነው። ብዙ ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ራጅ፣ መርፌ እና «ከስፖርት ነጻ» የሚል ወረቀት።

ራጅ የጡንቻን ድካም አያሳይም፤ የወገብ ራጅ ጨረር ደግሞ ከደረት ራጅ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሲያስፈልግ ሐኪሙ ያዝዘዋል። የዲክሎፌናክ መርፌ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ መነሻውን አይነካም፤ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚያስከፍለን ግን ወረቀቱ ነው። ለምን?

አከርካሪን እንደ ድንኳን ምሰሶ አስቡት። ምሰሶው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዙሪያው ገመዶች ስለተወጠሩ ነው። የሆድ፣ የጎን፣ የጀርባና የመቀመጫ ጡንቻዎች የወገብ ገመዶች ናቸው። ቀን ዴስክ ላይ፣ ማታ ስልክ ላይ አጎንብሶ በሚውል ልጅ ላይ ገመዶቹ ይላላሉ። ስፖርት ስንከለክለው ደግሞ ይብስባቸዋል። እንቅልፍ ማጣትና የፈተና ጭንቀትም ሕመሙን እንደሚያባብሱ አትርሱ።

ሲያመው ለጥቂት ቀናት ከሚያባብስበት እንቅስቃሴ ይረፍ፤ አልጋ ላይ ግን አይዋል። ሲሻለው ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታው ይመለስ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ፣ በሳምንትም ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ስፖርት እንዲሠሩ ይመክራል። እኛ ጋ ግን ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ «ልብስ ማጠቡ፣ ቤት መጥረጉ ይበቃታል» እንላለን። አጎንብሶ መሥራት ወገብ ያደክማል፤ ሩጫንና ጨዋታን አይተካም።

✅ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን፣ 10 ደቂቃ ይበቃል፦

👉 በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት፤ 10 ጊዜ።
👉 በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አብሮ መዘርጋት፣ ከዚያ ማቀያየር፤ በየጎኑ 10 ጊዜ።
👉 በክርንና በእግር ጣቶች ላይ ተደግፎ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ ማድረግ፤ ከ10 ሰከንድ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር።

ሕመሙን የሚያባብስ ከሆነ ይቁም። ለጥናትም በየ30 ደቂቃው ተነስቶ መንቀሳቀስ ይልመድ።

⚠️ እነዚህ ካሉ ግን ስፖርት መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፦

🔴 ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ (የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ)
🔴 ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም
🔴 ጀርባ ላይ የወጣ እብጠት ወይም መጣመም
🔴 ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም
🔴 ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ ሕመም

የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ደግሞ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እነዚህ ምልክቶች ያሉበትን ልጅ ጀርባ ማሳሸት ወይም ማስጠምዘዝ አደገኛ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ሒሳብ ውጤት እንደምንጠይቅ ሁሉ «የስፖርት ክፍለ ጊዜው የት ሄደ?» ብለንም እንጠይቅ። ልጆቻችን ተቀምጠው የሚማሩበት ወገብ ያስፈልጋቸዋል።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩት።