የክፍያው ቀን

የወር ደመወዙ ሦስት ቀን ያለፈበት ጸሓፊ፥ ባለሱቁን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ እንደሚያልፍ አንባቢ ሳያውቀው አይቀርም። በሰሜን ጎንደር ደጋም ደመወዝ የሚመስል አንድ ክፍያ አለ፤ ስለ መጠኑ ብዙ ሲወራ ስለ ቀኑ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ከ1997 ዓ. ም. በፊት ዝናብ ሲቀር መንግሥት በየዓመቱ እርዳታ ይለምናል፤ ለጋሾች ይመክራሉ፤ እህሉ እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይጨርሳል። ይህን ለመለወጥ በ1997 የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ገበሬው «ሴፍቲኔት» ብሎ የራሱ አድርጎታል። በየዓመቱ እህል እንደሚያጥረው አስቀድሞ የታወቀ ቤተሰብ፥ በዓመት ለስድስት ወር ያህል፥ በእያንዳንዱ ነፍስ የአምስት ቀን ሥራ በየወሩ እየታሰበ ይከፈለዋል። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፥ መንገድ ያወጣል፤ አቅመ ደካሞችና ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ይቀበላሉ። «ገበሬውን ሰነፍ አደረገው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በጃናሞራ ቁልቁለት አንድ ቀን ድንጋይ ቢያመላልሱ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 የሥራ ቀን ይታሰብለታል። በመጀመሪያው ዓመት የቀኑ ክፍያ 6 ብር ስለ ነበር 150 ብር ይሆናል። በእህል ሲሆን በቀን 3 ኪሎ፥ በወር 75 ኪሎ ነው። ብሩ በኋላ ወደ 8፥ ከዚያም ወደ 10 ከፍ ቢልም፥ በ2000 ዓ. ም. የእህል ዋጋ ሲንር ብዙዎች ከብሩ ይልቅ እህሉን መረጡ። ኪሎው አይረክስምና!

ይሁን እንጂ ብሩም እህሉም ከዘገየ ምን ይረባል? የየካቲቱ ክፍያ ግንቦት ላይ ቢመጣ፥ በመካከሉ ልጆች መብላታቸውን አይተዉም። አባትየው በግ ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ይዞ ወጥቷልና ዋጋው ይወድቃል። ወይም በመኸር ሊመልስ እህል ይበደራል። በመጨረሻ ገንዘቡ ሲደርስ ቀጥታ ወደ አበዳሪው ኪስ ይገባል። በመዝገብ ላይ ግን ተከፍሏል።

ክፉ ዓመት ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። በሰኔ 2015 ዓ. ም. እህል ወዳልተገባ ቦታ መሄዱ ተገልጦ የአሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ በመላ አገሪቱ ለወራት ተቋረጠ። በዚያው ክረምት ጃናሞራን፥ በየዳንና ጠለምትን ድርቅ መታቸው፤ በክልሉም ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ አስቸጋሪ ሆነ።

ጦርነትንና ዝናብን የወረዳ ጸሓፊ አያዝዝም። የሥራ ቀን መቆጣጠሪያው ወረቀት ግን ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከዚያም ወደ ገንዘብ ቤት የሚሄደው በእርሱ ጠረጴዛ ላይ አልፎ ነው። አንድ ስም በስሕተት ተጽፎ ቢገኝ ወይም አንድ ፊርማ ቢጎድል ወረቀቱ ይመለሳል፤ ስሙ ያለ እንከን የተጻፈው ገበሬ ሁሉ አብሮ ይጠብቃል። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት ተማሪዎች አንዳንዶቹ ነገ በዚያ ወንበር ይቀመጣሉ።

መክፈያው ቦታ ከመንደር ከሦስት ሰዓት የእግር መንገድ እንዳይርቅ ይፈለጋል፤ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ገንዘቡ የሚዘገይ ከሆነ ይኸው በገበያ ቀን ቀድሞ ቢነገር፥ እናትዮዋ ልጅ አዝላ ያንን ገደል በከንቱ አትወርድም፤ ቁርጡን ቀን ያወቀው ባሏም በጉን ለአንድ ሳምንት ያቆየዋል።