ስላይዱ መትን ነው፤ ሸርሑስ የታለ?



ለመመረቂያ ፕሮጀክት አራት ሆነን ርዕስ ስንፈልግ አማካሪያችን ጥሩ ሐሳብ ሰጡን። ከኛ በፊት የነበረ አንድ ባች የቡና ገለፈት አቃጥሎ፣ አመዱን በሲሚንቶ ምትክ እየጨመረ የኮንክሪት ጥንካሬ ሞክሮ ነበር። «እናንተ ከነሱ ቀጥሉ» አሉን። ደስ አለን። ሲሚንቶ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ገለፈቱ ደግሞ ቡና በሚፈለፈልበት ቦታ ሁሉ ተከምሮ የሚበሰብስ ነገር ነው። ከሲሚንቶው ትንሿን እጅ እንኳ መተካት ቢቻል፣ አንድ ክፍል ቤት ለመሥራት ዓመት ለሚቆጥብ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ዲፓርትመንት ሄደን የቀደሙትን ሥራ ስንጠይቅ የተሰጠን አንድ ፋይል ነው፦ 24 ስላይድ። አስራ ዘጠነኛው ላይ ያማረ ግራፍ አለ፤ ከሥሩ «10 በመቶ፦ የተሻለ ውጤት» ይላል። ገለፈቱ በስንት ዲግሪ ተቃጠለ? ለስንት ሰዓት? አመዱ በየትኛው ወንፊት ተነፋ? የውሃውና የሲሚንቶው ምጣኔ ስንት ነበር? ለእያንዳንዱ ቅልቅል ስንት ኪዩብ ተሰበረ? አንዱም የለም። ሲቪል የምትማሩ ታውቁታላችሁ፤ አመድ ሁሉ አመድ አይደለም። የተቃጠለበት ሙቀትና የደቀቀበት መጠን ከተለወጠ፣ ከሲሚንቶው ጋር የሚኖረው ጠባይም ይለወጣል። ያ ቁጥር ከሌለ ግራፉ ሥዕል ነው።

ከልጆቹ የአንዱን ስልክ አፈላልገን ደወልን። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራ ይዟል፣ አልሰለቸንም። «ወላሂ ረስቼዋለሁ፤ ያኔ ስናቀርብ በአፋችን ነበር ያስረዳነው» አለን። አልዋሸም። በዲፌንሱ ቀን ፈታኞቹ ጠይቀዋቸዋል፣ እነሱም መልሰዋል። እውቀቱ በዚያች ክፍል ውስጥ ነበረ፤ ክፍሉ ሲዘጋ ከሰዎቹ ጋር ወጣ። እኛ ከዜሮ ጀምረን ሦስት ወር ፈጀን። 28 ቀን ውሃ ውስጥ የቆዩትን ኪዩቦች ስንሰብር ውጤታችን ከነሱ ዝቅ አለ። የተሳሳቱት እነሱ ይሁኑ ወይስ እኛ? መለየት አልቻልንም፤ ዛሬም አልቻልንም። የሚጻፍ ስህተት ቢሆን ይታረም ነበር። ይሄኛው ለመታረም እንኳ አይመችም።

ግቢያችን ውስጥ ስላይድ ከማስተማሪያነት አልፎ የምርምር ማስቀመጫ እየሆነ ነው። ከዚህ ግቢ ውጭም እንዲሁ ነው። በሰርን የሚተዳደረውና እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው ዜኖዶ የተባለው ማኅደር የስላይድ ፋይልም ይቀበላል፤ ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። ይህ በራሱ መልካም ነው። ጽሑፉ ገና ሳይወጣ ሥራውን ለሚፈልግ ሰው ከምንም ይሻላል፤ ኮንፈረንስ ለመሄድ ገንዘብ ለሌለን ለኛማ በተለይ። ግን መለያ ቁጥር ማለት ፋይሉ የሚገኝበት አድራሻ እንጂ አንድ ዓሊም ቁጭ ብሎ መረመረው ማለት አይደለም። ቁጥሩን አይቶ «ታትሟል» የሚል ጓደኛ አለኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ማጠር ጥፋት ነው የምል እንዳይመስላችሁ። እኔ ያደግሁት በአጭር ኪታብ ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንደተለቀቅሁ መድረሳ እሄድ ነበር፤ ነሕው የጀመርኩትም እንደ ብዙዎቻችሁ በአጁሩሚያ ነው። በ723 ሒጅራ የሞቱት የፌዙ ሰው ኢብኑ አጁሩም የጻፉት ይህ ኪታብ ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው፤ የተጻፈውም እንዲሐፈዝ ነው። ሐፍዘን ስንመጣ ሸይኻችን «ሑሩፉን ይዛችሁ መጣችሁ፤ አሁን ቁጭ በሉ» ይሉን ነበር። ከዚያ አንዷን መስመር ይዘው ቀናት ይቆያሉ። መትን ያለ ሸርሕ አይቀራም፤ ሸርሑ ከሸይኹ አፍ ይመጣል፣ ወይም ተጽፎ አጠገቡ ይቀመጣል። የኢማም ነወዊይን ሚንሃጅ ውሰዱ። የራፊዒይን ሙሐረር አሳጥረው ነው የጻፉት። ከዚያ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ቱሕፋን፣ አል-ኸጢብ አሽ-ሺርቢኒ ሙግኒን፣ አር-ረምሊ ኒሃያን እያሉ በብዙ ጥራዝ መልሰው ዘረጉት። ከሚንሃጅ አንድ መስመር ይዞ ፈትዋ ልስጥ የሚል ደረሳ ቢነሳ፣ ሸይኹ ሳይሰሙ ጓደኞቹ ይስቁበታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙኽተሰር የሚባለው ከረዥም ነገር ያጠረ ነው። ሚንሃጅ ከሙሐረር አጠረ። የኛ ስላይድ ከምን አጠረ? ብዙ ጊዜ ከምንም። ሙሉው ጽሑፍ ጭራሽ አልተጻፈም፤ ቀጥታ ነጥብ ነጥቡ ተደረደረ። ያልተጻፈ ነገር እንዴት ሙኽተሰር ይኖረዋል?

ይሄው አጁሩሚያ የሚጀምረው ከላም ምን እንደሆነ በመግለጽ ነው። ከመስፈርቶቹ አንዱ ንግግሩ «ሙፊድ» መሆኑ ነው፤ የሚሰማው ሰው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ የማይጠብቅበት የተሟላ ሐሳብ መሆን አለበት። ሸይኻችን «ዘይድ ከቆመ…» ብለው ዝም ይሉና ፊታችንን ያዩ ነበር። የቃላት ክምር ነው እንጂ ከላም አይደለም፤ ምክንያቱም ቢቆም ምን እንደሚሆን አልነገሩንም። አሁን ስላይዳችንን በዚህ ሚዛን መዝኑት። «የተሻለ ውጤት።» ከምን የተሻለ? በስንት? በስንት ሙከራ? ግሡም የለ፣ ባለቤቱም የለ። በነሕው ሕግ ከላም እንኳ ያልሆነውን ነገር ነው ምርምር ብለን የምናስቀምጠው።

የስላይድ ነገር ሰው ሕይወት ውስጥ የገባበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሳ፣ 82 ሰከንድ ገደማ ላይ ከነዳጅ ታንኳ የተገነጠለ ፎም የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ገና በጠፈር ላይ ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምተው ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር፦ ከዚህ በፊት የተሠራው ሙከራ በቂ መተማመኛ እንዳለው የሚያስመስል። ከሥሩ ነጥብ፣ ከነጥቡ ሥር ሌላ ነጥብ፣ ፊደሉም እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በታች፣ ዋናው ነገር ተቀመጠ፦ የፎሙ መጠን 1920 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ በሙከራው የተሞከረው ግን 3 ነው። 640 እጥፍ! መረጋጋቱ የተመሠረተበት ሙከራ ስለዚህ ፎም ምንም አይናገርም ማለት ነው። ይህ መደምደሚያ ግን በርዕሱ ላይ አልነበረም። የካቲት 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

የአደጋው መርማሪ ቦርድ በዚያው ዓመት ነሐሴ ባወጣው ሪፖርት፣ ኤድዋርድ ተፍቲ የተባሉት ምሁር ስላይዱን የተነተኑበትን አስገብቷል፤ ናሳ ውስጥ የቴክኒክ ጽሑፍን ትቶ በስላይድ መነጋገር ሥር የሰደደ ልማድ መሆኑንም ነቅፏል። ስላይድ ሰው ገደለ አልልም፤ ቦርዱም አላለም፣ ብዙ ሌላ ምክንያት ነበረ። ግን እነዚያ መሐንዲሶች ያንን በአንቀጽ እንዲጽፉት ቢገደዱ ኖሮ፣ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው የሚቆም ይመስለኛል። ነጥብ ስትደረድር «ስለዚህ» አያስፈልግህም። አንዱን ከሌላው በታች ማስቀመጥ ብቻ ነው።

እኛ ስላይድን የምንወድበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ እውነቱን እንነጋገር። እንግሊዝኛችን ነው። አንድ አንቀጽ ስንጽፍ ግሡና ጊዜው ይጋጭብናል፣ አማካሪው በቀይ ያጠቁሩብናል። በስላይድ ግን ሦስት ስም ደርድረን እናመልጣለን። እኔም ሁለት ዓመት እንዲሁ አምልጫለሁ። ችግሩ ግን የምንደብቀው ሰዋስዉን ብቻ አይደለም፤ ያልገባንንም አብረን እንደብቃለን። የኛን ሪፖርት ስጽፍ «አመዱን በ… ዲግሪ አቃጠልነው» የምትለው ላይ ስደርስ ነው የምድጃው መለኪያ ትክክል መሆኑን ማንም እንዳላጣራ ያወቅሁት። ሄደን አጣራን። ስላይድ ብቻ ብሠራ ኖሮ አላስበውም ነበር።

ነገሩ ወደ ጀመዓችንም ይመጣል። ባለፈው ሴሚስተር በአንድ ሳምንታዊ ፕሮግራም ላይ ስለ አማና አጭር ዳዕዋ እንዳቀርብ ተጠይቄ ነበር። ስላይድ ሠራሁ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ፊደሉ ያማረ። አንዱ ላይ ሐዲስ አስቀመጥኩ፤ ከሥሩ ግን «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)» ከማለት ሌላ የጻፍኩት ነገር አልነበረም። ሲያልቅ አንዲት የፍሬሽማን እህት «ማን ዘግቦታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም። ከሌላ ሰው ስላይድ ነበር የወሰድኩት፤ እሱም ከሌላ ሰው ሳይወስደው አይቀርም። እሷ እስክትጠይቀኝ ድረስ ፎቶው በሦስት የቴሌግራም ግሩፕ ዞሮ ነበር። ሐዲሱ ሰሒሕ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሳላውቅ በነቢዩ ስም መናገሬ ነው። ሐዲስ አንድ በአንድ እየተጣራ፣ ማን ከማን ሰማ ተብሎ የተመዘገበበት ዲን ተከታይ ሆኜ፣ ኢስናዴ «ከስላይድ፣ ከስላይድ» ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ለጀመዓችን የትምህርት ዘርፍ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከባድ አይደለም። ፕሮግራም የሚያቀርብ ሰው ስላይዱን ማሳየቱን ይቀጥል፣ ግን ሁለት ገጽ በአረፍተ ነገር የተጻፈ ያስረክብ፤ አንቀጹና ሐዲሱ ከየት እንደመጣ ያለበት። በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛ ይሁን፣ በፈለገው። ተመራቂዎች ደግሞ ለዲፓርትመንቱ የምትሰጡት ምንም ይሁን፣ ሙሉውን ጽሑፍ ከነጥሬ ቁጥሩ አንድ ኮፒ ለጀመዓው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። «ይሰርቁብናል» የምትሉ አላችሁ። ይሰርቁ ይሆናል። ካልተጻፈ ግን የሚሰረቅም፣ የሚቀጠልም፣ የሚታረምም ነገር የለም።

የኛ ቡድን ጽሑፍ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ 61 ገጽ ነው፣ እንግሊዝኛውም ብዙ አያኮራም። የምድጃው ሙቀት ገጽ 14 ላይ አለ። የተሰነጠቁብን ስድስት ኪዩቦችም ተጽፈዋል። የቡና ገለፈቱን መቀጠል የምትፈልጉ ካላችሁ ከዒሻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነኝ።