የሥዕል መጽሐፍ ወደ ጎባ ይውጣ

«የዛሬ ልጅ ማንበብ አይወድም» ማለት የተለመደ ነው። እኛ ግን ልጁን ከመውቀሳችን በፊት፣ ለመሆኑ መጽሐፉ ከእጁ ደርሶ ያውቃልን? ብለን እንጠይቃለን።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል እየከፈሉ በአንድ ሸራ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል፤ ፊደል ያልቈጠረውም ታሪኩን በዓይኑ ይከተላል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2018 ብሥራት ደበበ የጻፈው «ጀምበር» የተባለው የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ «ሐዊ»ም ተከትላለች። ጅምሩ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ገበያው በአዲስ አበባና በኢንተርኔት ተወስኖ ከቀረ፣ አዲስ አንባቢ ከየት ይመጣል?

የሌሎች አገሮች ልምድ መንገዱን ያሳየናል። በአሜሪካ የሥዕል ታሪክ በ1890ዎቹ ሕዝብ የለመደው በእሑድ ጋዜጣ ላይ ነው። ቲንቲንም እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለደው በአንድ የቤልጅግ ጋዜጣ የልጆች ዕትም ውስጥ ነው። ጃፓኖችም በርካሽ ወረቀት በሚታተም ሳምንታዊ መጽሔት ታሪኩን በየክፍሉ እያወጡ፣ ልጁ የሚቀጥለውን ሳምንት በጉጉት እንዲጠብቅ አስለመዱት።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛው ዋጋ ነው። በጥቁርና በነጭ፣ በቀጭን ወረቀት፣ በብዛት የታተመ መጽሐፍ ለተማሪ ኪስ ይቀላል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የባሌ ልጅ በኦሮምኛ የሚማር በመሆኑ፣ ጀግናው በዚሁ ቋንቋ ሊያነጋግረው ይገባል። ሦስተኛው ርእሰ ነገሩ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበዙት በባሌ ተራሮች፣ ከጎባ በላይ ባለው በሳነቴ አምባ ጭምር ይኖራሉ። ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 ብዙዎቹን ፈጅቷል። ውሻውን አስከትቦ ቀበሮይቱን የሚያድን እረኛ ልጅ ታሪክ ቢሣል፣ የጎባ ተማሪ የራሱን ተራራ እያየ ያነበዋል፤ ለቤተሰቡም ይተርከዋል።

ሥዕል ልጁን ከንባብ ያሰንፈዋል የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። ሥዕሉን ለማየት ገጹን የገለጠ ልጅ፣ ጀግናው ምን እንደ ተናገረ ለማወቅ ፊደሉን መከተሉ አይቀርም።

እንግዲህ ነገሩን ለአሳታሚው ብቻ መተው አይገባም። በትምህርትና በባህል ጽሕፈት ቤት ያሉ ወጣት ሠራተኞች ለየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ቅጂ ቢያስገዙ፣ አሳታሚው ገዢ መኖሩን አውቆ በብዛት ያትማል። ሮቤ ባለው በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ የሥዕልና የጽሕፈት ተሰጥዎ ያላቸው ወጣቶችም የአካባቢያቸውን ታሪክ ይጀምሩ። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ሁሉም ድርሻውን ቢያነሣ አንባቢ አይጠፋም።