ደም የማይደርሰው ዐጥንት

ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን ሲሰብር ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው አቃንቶ በሸምበቆ ያስረዋል። እኛም ቤት ስንገባ «ጠበቅ ካላለ አይገጥምም» ብለን ደግመን እናጠብቀዋለን። ለመሆኑ ስናጠብቀው የምንዘጋው መንገድ የማን ነው?

ዐጥንትን የሚሠሩት ኦስቲዮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ስብራት ሲደርስ አብዛኞቹ የሚነሱት ዐጥንቱን ከሸፈነው ስስ ገለፈትና ከመቅኔው ነው። ይሁንና በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የዚሁ ወገን የሆኑ ሕዋሳት በደም ውስጥ ሲዘዋወሩ አገኙ። በጉርምስና ፈጥነው በሚያድጉ ወንዶች ልጆች ደም ውስጥ ከአዋቂዎቹ በእጅጉ በዝተው ታዩ። ዐጥንታቸው በቅርቡ በተሰበረ ሰዎችም ላይ ቁጥራቸው ጨምሮ ተገኘ። በ2008 ደግሞ የሁለት አይጦች የደም ዝውውር እንዲገናኝ ተደርጎ የአንደኛዋ ሕዋሳት በሌላዋ ስብራት ላይ ዐጥንት ሲሠሩ ታይቷል። ድርሻቸው አነስተኛ ቢሆንም ከሩቅ መጥተው ያግዛሉ ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

ከሩቅ የሚመጣውም ሆነ እዚያው ያለው ሠራተኛ የሚኖረው በደም ነው። ኦክስጅኑም፣ ካልሲየሙም የሚደርሰው በደም ነው። እንዲያውም በተሰበረው ቦታ ላይ የሚረጋው ደም ራሱ የጥገናው መጀመሪያ ነው። ቦታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ እሥሩ ግን አብሮ አይሰፋም። እግሩ ወይም እጁ በውስጥ ታፍኖ ደም ካጣ ጡንቻው በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ሊጀምር ይችላል። በአገራችን በስብራት ሳይሆን በእሥር ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። ይህን ስንጽፍ ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ማጥበቁ ላይ እኛ ወላጆችም አለንበት።

ስለዚህ የታሰረ ልጅ ሌሊት «አመመኝ» ብሎ ሲያለቅስ «ቻለው» አንበለው። መብራት አብርተን ጣቶቹን እንይ። ቀዝቅዘዋል? ገርጥተዋል ወይስ ጠቁረዋል? ደንዝዘዋል? ጣቶቹን ስናንቀሳቅስለት ሕመሙ ይብሳል? ጥፍሩን ተጭነን ስንለቀው ቀለሙ በሁለት ሴኮንድ ያህል መመለስ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ እሥሩን ወዲያው ፈትተን፣ ሳይነጋ ሐኪም ቤት እንውሰደው። የተፈታውን ዐጥንት ሐኪሙ መልሶ ያቃናዋል።