የፎካሪው ዝላይ፦ የጎራዴ ጀግና አካል በምን ይመዘን?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚሰማ ፉከራ ሁለት ዘላዮች አሉት። አንደኛው በቃል ብቻ የሚኖረው ጀግና ነው፤ ጎራዴውን መዝዞ ገደል ይሻገራል። ሁለተኛው «ዘራፍ!» ብሎ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል የሚነሣው ፎካሪ ነው፤ እየተንጎራደደ፣ እየዘለለ፣ መሣሪያውን እየነቀነቀ ያን ጀግና በራሱ አካል ያሳያል። የሥነ ቃል ጥናት አንደኛውን ሲተነትን ሁለተኛውን መዘንጋቱ ሊታረም ይገባል።

በቃል የተሳለው ጀግና በሰው አቅም ሲመዘን ውጤቱ ግልጽ ነው። የወንዶች የርዝመት ዝላይ ክብረ ወሰን ማይክ ፓውል እ.ኤ.አ. በ1991 በቶኪዮ የዘለለው 8.95 ሜትር ነው፤ ያውም ጋሻና ጎራዴ ሳይዝ፣ በተስተካከለ መንደርደሪያ። ቦብ ቢመን እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ 8.90 ሜትር ሲዘልል ከፍታው 2,240 ሜትር ገደማ ነበር። የመንዝ ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ስስ አየር ለአንድ ዝላይ የሚያስገኘው ጥቅም በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው፤ ዝላዩ ሲደጋገም ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሽቅብ 1 ሜትር የሚነሣ አካልም በአየር ላይ የሚቆየው 0.9 ሰከንድ ያህል ነው። ገደል መሻገሩ ይቅርና፣ በዚያች ቅጽበት ጎራዴ መዝዞ መሰንዘር እንኳ ብርቱ ልምምድ ይጠይቃል።

ከዚህ ስሌት ተነሥቶ «ፉከራ ውሸት ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ቃሉን እንደ ታሪክ ማስረጃ እንዳለ መቀበልም እንዲሁ። የጀማንና የወንጪትን ሸለቆ በእግሩ ወርዶ የወጣ አድማጭ የገደሉን ስፋት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ተታልሎ ሳይሆን ፈቅዶ ይሰማል። ማጋነኑ የዘውጉ ሕግ ነው። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ካደረጉት ጥናት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» ወንድነት በአማራው ዘንድ ከጀግንነትና ከጽናት ጋር መተሳሰሩን አሳይተዋል። ገደል ዘላዩ ጀግና የዚህ እሴት መግለጫ እንጂ የስፖርት ውጤት አይደለም።

ሊለካ የሚገባው ሁለተኛው ዘላይ ነው። ጎራዴ በቀኝ ጎን እንደሚታጠቅ፣ ግራ እጅ ለጋሻ እንደሚተው የታወቀ ነው። ፎካሪው ሲዞር፣ ሲያጎነብስና ሲዘልል የትኛው እንቅስቃሴ የቀድሞውን የውጊያ ልምድ እንደሚያስታውስ፣ የትኛውስ ለመድረክ ማሳመሪያ እንደተጨመረ ሊታወቅ የሚችለው ከአካሉ ነው፤ በወረቀት ከተገለበጠው ግጥም አይገኝም።

ለካሜራ ተብሎ የሚፎከር ፉከራ እውነተኛውን አይተካም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። መፍትሔው ግን መቅረጹን መተው ሳይሆን በሠርግ፣ በየካቲት 23 የዓድዋ በዓልና በሚያዝያ 27 የአርበኞች መታሰቢያ ላይ፣ ፉከራው በራሱ ጊዜ ሲነሣ መገኘት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በሸዋ የተዋጉት አርበኞች ትውልድ አልፏል ለማለት ይቻላል። ዛሬ የቀሩት ከአባቶቻቸው አይተው የተማሩት ናቸው። ቃሉን ብዙዎች ጽፈውታል፤ ዝላዩ ግን ከዘላዩ ጋር ይቀበራል። የሚቀጥለው የመመረቂያ ጥናት ከግጥሙ ጎን የእግሩን አነሣሥ ካልመዘገበ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚመዝነው አካል አያገኝም።